የውሃ ቀኖና

ሐምሌ 26፣ ጠዋት

ዛሬም ውሃ ነው የሚወርደኝ። ከረጢቱን አፍስሼ ቀሚሴን ሳላወርድ መልሶ ይሞላል። ማታ የበላሁት ሩዝ መልኩን እንኳ ሳይቀይር ወጣ። ባሌ ሙሉቀን ባልዲውን ይዞ ጓሮ ደርሶ ሲመለስ ዝናብ አብስብሶታል። እጁን በሳሙና ታጠበ፣ ኦ.አር.ኤስ. በጠበጠ፣ ጆጉን ራስጌዬ አስቀመጠና ወደ ሚኒባሱ ሄደ። የደምበጫ ተሳፋሪ የኔ ሆድ እስኪረጋ አይጠብቅም።

ደብተሬ፣ እንዳትቀየመኝ። ሲስተር ያዘዘችኝ በአፌ የገባውንና በከረጢቱ የወጣውን ብቻ እንድጽፍብህ ነበር። አራተኛ ክፍሎቼን ድርሰት ጻፉ ስላቸው ዝርዝር ይዘው ሲመጡ ስቆጣ የኖርኩ መምህርት አሁን እኔው ዝርዝር ልጽፍ? አይሆንም። ያሰኘኝን እጽፍብሃለሁ።

የቧንቧው ውሃ ከደፈረሰ ሰነበተ። ጎረቤቱ ሁሉ ሆዱን ይዟል። ሌላው ሰው ሁለት ቀን ተመላልሶ ይድናል። እኔ ግን በሰኔ አንጀቴ ተጠማዞ፣ የጠቆረው ተቆርጦ ከወጣ ወዲህ የትንሹ አንጀቴ ጫፍ በሆዴ በቀኝ በኩል ብቅ ብሎ ከረጢት ላይ ነው የሚያፈሰው። ውሃ የሚመጠው ትልቁ አንጀት ሥራ ፈቷል። ዶ/ሩ ከሆ/ል ሲያስወጣኝ ደጋግሞ ነግሮኛል። ሆድሽ በተበላሸ ቁጥር ቶሎ ትደርቂያለሽ፣ ተራ ውሃ ብቻውን አይበቃሽም፣ ጨውና ስኳር ያለበትን በየሰዓቱ ጠጪ። ኩላሊትሽ ደኅና ከሆነ ከመስቀል በኋላ አንጀትሽን መልሼ እቀጥለዋለሁ። ከተጎዳ ግን ኦፕራሲዮን የለም።

ከመስቀል በኋላ። ይህችን ቃል እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ ይዤ ነው የምውለው።

ሐምሌ 28፣ ከሰዓት

ትንሽ ረግቷል። ጠያቂ ግን አልረጋም። ቤቱ ሞልቶ ዋለ። አንዷ ቆሎ ብዪ ትላለች፣ አንዷ ቆሎ እንዳትነኪ ትላለች፣ ሦስተኛዋ የአክስቷ ልጅ በዚሁ በሽታ እንዴት እንደሞተ ታጫውተኛለች። ሁሉም የሚለው ከፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ግን ደከመኝ።

ከረጢቱን እንግዳዬ ብዬዋለሁ። ሳይጠራ መጥቷል፣ መቼ እንደሚሄድም አይታወቅም። ዛሬ ሁሉም ለጸሎት ብድግ ባሉበት፣ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ እንግዳዬ ከብርድ ልብሱ ሥር ድምፁን አሰማ። ሁሉም አንድ ላይ ሳል ያዛቸው። ከሄዱ በኋላ ለሙሉቀን ስነግረው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ስፌቱን አመመኝ። ሳቁ ይሁን ለቅሶው አላውቅም።

ሐምሌ 29፣ 10 ሰዓት ገደማ

እማዬ መጣች!

ከአገሯ ከሮብ ገበያ፣ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ሲባል፣ በጭቃ። አንድ ማዳበሪያ ድንች፣ የገብስ በሶ፣ ተልባ፣ በጀሪካን ጸበል። ነጠላዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ነገ አንድ ቀን ነው ቀሪው፣ ከነገ ወዲያ ፍልሰታ ይገባል። በፍልሰታ ደግሞ እማዬ የትም ሄዳ አታውቅም። አባቴ በሕይወት ሳለም ከሞተም በኋላ፣ ሱባኤውን የምትይዘው ከደብሯ ቅጽር፣ ከአንዲት ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ጎጆዋን ለሌላ ሴት ለቅቃ መጣች። ስጠይቃት ድንቹ እንዳይበሰብስ ነው አለችኝ። ለድንቹ ብላ!

ሆዴን አሳዪኝ አለች። እስካሁን አላሳየኋትም። በስልክ ትንሽ ቀዳዳ ናት ብያት ነበር። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንደ ልጅ አፈርኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቀሚሴን ገለጥኩ። ከረጢቱ ስስ ነው፣ ቀዩ ሥጋ ይታያል። እጇ ብቻ መጣ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ሻካራ ነው። ቆዳዬ በተላጠበት ዙሪያ በጣቷ ጫፍ ሄደች።

“እትብትሽ ሲቆረጥ ያየሁ ሰው፣ ይኸን አይቼ ልደንግጥ?” አለችኝ።

ከሰኔ ወዲህ እንደዛሬ ቀለል ብሎኝ አያውቅም።

ነሐሴ 1፣ ከሰዓት

ፍልሰታ ገባ። ጉም ከጠዋት ጀምሮ አልተነሣም፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ሙሉቀን እንደ ልማዱ ጆጉን አስቀምጦ ወጣ። እኔ ጆጉን አየሁት፣ ጆጉም አየኝ። መጠጣት አለብኝ። አውቃለሁ። የታመመ እንዲጾም ማንም አላዘዘም፤ ይህንንም አውቃለሁ። ግን ደብተሬ፣ በሰባት ዓመቴ የጀመርኩት ጾም ነው። በፍልሰታ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ብርጭቆውን አንሥቼ ከንፈሬ ላይ አደረስኩት፣ ሳልቀምሰው መለስኩት። ብርዱም አግዞኛል፤ በዚህ ጉም ማን ይጠማል?

እማዬ ጹሚ አላለችኝም። አትጹሚም አላለችኝም። ብርጭቆውን ስገፋው ሰሃን ከደነችበትና ዳዊቷን ቀጠለች።

ሙሉቀን እንዳይከፋው ጆጉን ጓሮ ወስጄ ጌሾው ሥር ደፋሁት። የጌሾው ኩላሊት ዘንድሮ አይታመምም።

ነሐሴ 3፣ ጠዋት

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እማዬ ተልባ በጥብጣ ሰጠችኝ። ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በማር አጣፍጣ። አንጀት ያለሰልሳል ትላለች፤ ለእናቷም ለአባቴም የሰጠችው ይህንኑ ነው። እንዴት ይጣፍጣል! ደግሜ ጠጣሁ።

ያለሰልሳል ያለችው እውነቷን ነው። ከረጢቱ ሁለቴ ፈንድቶ አንሶላውም ፍራሹም ተበላሸ። እማዬና ሙሉቀን እየተጋገዙ አነሡኝ፣ አጠቡኝ፣ ለወጡኝ። ሙሉቀን ለአማቱ ትልቅ አክብሮት አለው፤ እርስዎ ይረፉ እኔ አለሁ ይላታል፣ እሷ ደግሞ አንተ ነገ መሪ ትይዛለህ ተኛ ትለዋለች። በኔ ላይ ቆመው ሲግደረደሩ፣ እኔ ራቁቴን በብርድ እንቀጠቀጣለሁ። ኋላ ሦስታችንም ሳቅን።

ጠዋት እማዬ ፍርዷን ሰጠች። ጥፋተኛው ተልባው አይደለም፣ ውሃው ነው። የሚፈስ ነገር ላይ ውሃ አይጨመርም፤ ጥጃ እንኳ ሲያስቀምጠው ከውሃ ይከለከላል። ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ጥቂት ጥቂት ብቻ። እኔም፣ ለልጆች የሰውነት ክፍሎችን የማስተምረው እኔ፣ እሺ አልኩ። የጾምም የእናትም ምክር ባንድ ላይ ሲመጣ እሺ ማለት ቀላል ነው።

ነሐሴ 5፣ ከሰዓት

ደረቀ! ከጠዋት ጀምሮ ከረጢቱ ባዶ ነው። ጠብታ የለም። እንግዳዬ ዝም።

እማዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ እልል አለች፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። ጸበሉም ጾሙም ሠራ አለች። እኔም አመንኩ። ከሰኔ ወዲህ ያለ ባልዲ የዋልኩት ቀን ዛሬ ነው። ቀሚሴ ጠፍጣፋ ነው፤ መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን አየሁ። ሰው መሰልኩ።

ራሴን ያዞረኛል ግን። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል። ሌሊት ባቴ እየተኮማተረ አስጮኸኝ። ሽንቴ ትንሽ ነው፣ እንደ ጠላ ጠቁሯል። የጾም ድካም ነው። ነገ ይለቀኛል።

ነሐሴ 7፣ ሆ/ል

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ቀኙ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ፊደሉ ቢያስቅህ አትሳቅ።

ትናንት ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጣች። በነሐሴ! ልሞቃት ብዬ ተነሣሁ፣ ደፉ ላይ ደረስኩ፣ ከዚያ በኋላ የማውቀው ነገር የለም። እማዬ ጮኸች አሉ። ጎረቤቶች ባጃጅ ጠርተው አመጡኝ። ደም ሥር ጠፍቶ ሲስተር እጄን እየመታች፣ እየለመነች ነው ያገኘችው።

ዶ/ሩ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሆነውን ጠየቀኝ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ከረጢቱ ደርቆ ነበር፣ ድኜ ነበር አልኩት።

“ምንጭ ሲደርቅ ዳነ ይባላል እንዴ መምህርት?” አለኝ።

የደረቅሁት እኔ ነኝ። የሚወርድ ውሃ ስላልነበረ ነው ያልወረደው። ኩላሊቴ ተነክቷል። ምርመራውን በሳምንቱ ይደግመዋል፤ የኩላሊቴ ቁጥር ካልወረደ ከመስቀል በኋላ የሚባል ነገር የለም። ዕድሜ ልኬን ከከረጢቱ ጋር፣ ያውም ኩላሊቴ ከቀጠለ።

ሙሉቀን ማታ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጌሾው ሥር ጉንዳን መውረሩን ነገረኝ። ከትናንት በስቲያ ነው ያየው፣ ጉንዳን ስኳር ካልሸተተው እንደማይመጣም ገብቶታል፤ ግን እኔን ከመጠርጠር ጉንዳኑን ተጠራጠረ። ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ሃያ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ሲያለቅስ ያየሁት አባቱ ሲሞት ብቻ ነበር። አንተ ሰውዬ፣ እወድሃለሁ። በአፌ አላልኩትም። እዚህ ልጻፈው።

ነሐሴ 8፣ ሆ/ል፣ ረፋድ

ዛሬ ሌላ ጉድ ወጣ።

እማዬ ከአልጋዬ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ጋቢ አንጥፋ ነው የምታድረው። ጠዋት ስትነሣ ተንገዳግዳ ብረቱን ያዘች። ሲስተር አየቻት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። አንድ ኩባያ ቀዳችላት፤ አመሰገነች፣ አስቀመጠችው። ጾም ነው አለች። ሲስተር አልተዋጠላትም፤ ማታስ ሲገደፍ ምን ጠጡ ስትላት እማዬ ዝም አለች። እማዬ ዝም ስትል ደግሞ እኔ አውቃታለሁ።

አውጣጣኋት። ሆዴን ያሳየኋት ዕለት ተስላለች። የልጄ ሆድ እስኪዘጋ ውሃ በአፌ አይዙር፣ ጥሟ ለኔ ይሁን ብላ። ማታ ማታ እንጀራው እንዲወርድላት አንድ ጉንጭ ብቻ። እኔ ከወደቅሁ ወዲህ ያቺንም ጉንጭ ትታታለች። ሰባ አምስት ዓመቷ ነው!

ተናደድኩ። በሕይወቴ እንደዛሬ ተናድጄባት አላውቅም። አንቺ ብትሞቺ እኔ የምድን ይመስልሻል አልኳት። ሁለታችንም ዞር ዞር ብለን አለቀስን፤ አለቀስን ይባል እንጂ እንባውም በቂ አልነበረንም። ኩባያው እንዳለ ተቀምጧል። ለእመቤቴ የገባሁትን ቃል ማን ደፍሮ ይፈታዋል ትላለች። ሲስተርም ዶ/ሩም ለመኗት። እንቢ።

ነሐሴ 9፣ ማታ፣ ቤት

ከሆ/ል ወጣሁ። ሙሉቀን ዛሬ ሥራ አልገባም። እኛን ቤት አድርሶ ቄስ ይባቤን ይዞ መጣ። የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ያጋቡን እሳቸው፣ አባቴን የፈቱት እሳቸው። ምክንያቱን አልጠየቅሁትም፤ እሱ ሚኒባስ ብቻ አይደለም የሚነዳው።

አባ ጃንጥላቸውን አራግፈው ተቀመጡ። በመጀመሪያ ዶ/ሩ ያለውን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ድገሚልኝ አሉ፣ ደገምኩ። በየስንት ጊዜው? በየሰዓቱ። ጨው አለው? አለው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው የእማዬን ስእለት ሰሙ፤ እሷ አንገቷን ደፍታ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው።

እኔ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። ጾሙን ፈቅጄልሻለሁ ሊሉኝ ነው፣ እኔም እንደ ሁልጊዜዬ፣ ይቅርብኝ አባ፣ እችለዋለሁ ልላቸው ነው። እሳቸው ግን ከልጅነቴ ያውቁኛል።

“ፈቃድ አልሰጥሽም። ቀኖና ነው የምሰጥሽ” አሉ።

ስለ ሠራሁት ጥፋት። የተሰጠኝን ነፍስ ጌሾ ሥር ስለደፋሁ። ከነቃሁበት እስከምተኛበት በየሰዓቱ ያንን ጨዋማ ውሃ አንድ ኩባያ እጠጣለሁ፤ አቡነ ዘበሰማያት ብዬ፣ ሳላጉረመርም። አንዲት ሰዓት ብዘል መጥቼ እናዘዛለሁ፣ ስግደትም ይጨመርብኛል። ስፌቴ እስኪጠና ስግደቱ በዕዳ ይያዛል። ፈቃድ ቢሆን እመልሰው ነበር። ቀኖና እንዴት ይመለሳል?

ወደ እማዬ ዞሩ። እመቤታችን ስእለትሽን ሰምታለች፣ እኔም በተሰጠኝ ሥልጣን ለውጬልሻለሁ አሏት። ከዛሬ ጀምሮ ልጅሽ በጠጣች ቁጥር ከዚያው ጆግ ትጠጫለሽ። እሷ ሳትጠጣ አትጠጪ፣ እሷ ስትጠጣ አትቅሪ። እማዬ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ታሻለች።

“ከዘጠኝ ሰዓት በፊትም?” አለች።

“በፊትም።”

መስቀሉን ተሳለመች። እኔም ተሳለምኩ። ሙሉቀን ምንም ሳይባል ሄዶ ጆጉን አመጣ።

ነሐሴ 10፣ ጠዋት 1 ሰዓት

የመጀመሪያው የጠዋት ኩባያ። እማዬ አማተበች፣ ደግማ አማተበች፣ ወደ ምሥራቅ ዞረች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ቤተ ክርስቲያን ደወል እየተደወለ፣ አገር ሁሉ እየጾመ፣ እሷ ኩባያ ይዛ። እንዴት እንዳሳዘነችኝ። በግድ የምታደርገውን ሁሉ ግን በደንብ ነው የምታደርገው፤ ጨልጣ ጠጣችው። ፊቷ ተጨማደደ።

“ይኸን ነው ለልጄ የሚያጠጡት? ይኸ ለላም የሚሰጥ ጨው ነው እኮ።”

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሳላጉረመርም ነው የተባለው አልኳት። እሱ ላንች ነው አለችኝ፣ ለኔ ስለ ማጉረምረም የተባለ የለም።

ነሐሴ 12

ደኅና ነኝ። ተልባው ለጎረቤት ሄደ። የምበላው ድንች፣ ልሙጥ ሩዝ፣ ሙዝ፤ ጨው ጠንከር ተደርጎ። እንግዳዬ ድምፁ ተመለሰ፤ ወፍራም ነው፣ መልክ አለው። ባልዲውን አይቼ ደስ ይለኛል ብዬ መቼ አሰብኩ?

ፀሐይ ስለሌለች እማዬ ሰዓቱን የምትለይበት ጥላ የላትም። ሙሉቀን ስልኬ ላይ በየሰዓቱ የሚጮህ ደወል ሞላልን። እሷ ቃጭሉ ትለዋለች። ቃጭሉ ጮኸ፣ ተነሽ ማስቴ። ከሰዓት ትንሽ እንቅልፍ ሸለብ ቢያደርገኝ ቃጭሉ ሳይጨርስ ኩባያው አፍንጫዬ ሥር ነው። ቃጭሉ ዲያቆን ቢሆን ኖሮ እንደ እማዬ የሚሰማው ቄስ ባላገኘ። ከንፈሯ ድኗል። ትናንት ስትዘምር ሰማኋት፤ ድንች እየላጠች፣ ለራሷ ብቻ።

ነሐሴ 14፣ ከሰዓት

ምርመራ። እማዬ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆማ አልንቀሳቀስ አለች፤ ሰው ይገፋታል፣ እሷ ትጸልያለች። ወረቀቱን ይዤ ወደ ዶ/ሩ ገባሁ።

ወርዷል! ገና ጤነኛ አልሆነም፣ ግን በደንብ ወርዷል። ዶ/ሩ ፈገግ አለ። እንዲህ ከቀጠልሽ ከመስቀል በኋላ ያልነው ባለበት ነው አለ። ግን ዳግም ከደረቅሽ ለኩላሊትሽ ዋስ አልሆንም፤ ራስሽን አንቺው ጠብቂ። ምን አድርገሽ ነው አለኝ። ቀኖና ተሰጥቶኝ አልኩት። አልገባውም መሰለኝ፤ ካርዱ ላይ ግን የሆነ ነገር ጻፈ።

ባለበት ነው። ባለበት ነው። ባለበት ነው።

ነሐሴ 15፣ ወደ ማታ

ነገ ፍልሰታ ይፈታል። ቤቱ ደስ ብሎታል፣ እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

እማዬና አባቴ በቁርባን የተጋቡ ናቸው። በየዓመቱ የፍልሰታ ዕለት ይቆርቡ ነበር፤ እሱ ካለፈ ወዲህ ብቻዋን ትቆርባለች። በሕይወቷ የቀራት ቀን የለም። ለመቁረብ ደግሞ ከዛሬ ከሰዓት ጀምሮ እህልም ውሃም በአፏ መዞር የለበትም። ቀኖናው ደግሞ ልጅሽ በጠጣች ቁጥር ይላል።

ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ቃጭሉ ሊጮህ ሲል አየኋት። ኩባያዎቹን ደርድራ፣ ቀድታ፣ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው፤ ከመስኮቱ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ይታያል። ልትጠጣ ነው። ለኔ ብላ የዘንድሮውን ቁርባን ልትተው ነው፣ ያውም አንድ ቃል ሳትናገር። ድንቹ እንዳይበሰብስ ነው ያለችው ሴት።

ኩባያዋን ከእጇ ወሰድኩና ስልኩን አንሥቼ አባ ዘንድ ደወልኩ። እስከ ነገ ቅዳሴ መውጫ ይፍቷት አልኳቸው። አንቺን ማን ይጠብቅሻል አሉኝ።

“እኔው” አልኳቸው።

በስልኩ ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ ይሰማኛል። ይሁን አሉ፣ ስጭኝ አሉ፣ ሰጠኋት። እሺ አባቴ እሺ አባቴ ብላ ስልኩን ስትመልስልኝ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። አንች ነሽ ራስሽን የምትጠብቂው? ጌሾ የምታጠጭው? አለችኝ። እየሳቀች አይደለም። ልትቆርብ ነው የምትፈልገው፣ ግን ፈርታለች። ከሰጠኋት ደስታ ይልቅ ፍርሃቷ ነው የተሰማኝ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ብቻዬን ጠጣሁ። በየኩባያው እያየችኝ ነበር።

ነሐሴ 16፣ ማታ

ከየት ልጀምር?

ጠዋት በሙሉቀን ሚኒባስ ሄድን። ሰፊ ቀሚስ፣ በላዩ ጋቢ። አባ፣ ሕመም ርኩሰት አይደለም፣ ግቢ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ቶሎ ለመውጣት እንዲመቸኝ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ፣ ዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሙሉቀን ከወንዶቹ ጋር ቆመ። እማዬ ወደ ውስጥ ገባች፣ ሦስት ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ።

ቅጽሩ በሙሉ ነጭ ለብሷል። ሕፃናት ሳይቀሩ ምንም ሳይቀምሱ ቆመዋል። ስልኬ ጉያዬ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁን አጥፍቼው ነበር። ሰዓቴ ነው። ጠርሙሱን ከጋቢዬ ሥር ይዤ ቀረሁ። በቅዳሴ ሰዓት፣ በፍልሰታ፣ በደጀ ሰላም ውሃ ልጠጣ? አጠገቤ ያሉ አንዲት እናት ጠርሙሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ፊታቸውን አዞሩ። ያኔ ሊቀርብኝ ነበር። አንዲት ኩባያ ናት፣ ብትቀር ምን አለ፣ እማዬ አታይም። እውነቱን ነው የምነግርህ፣ ደብተሬ፤ ክዳኑን መልሼ አጥብቄው ነበር።

ከዚያ የእማዬ እጅ ትዝ አለኝ። ያን ጠዋት ኩባያውን ይዛ ስትንቀጠቀጥ። እሷ በሰባ አምስት ዓመቷ ለኔ ስትል ደፍራዋለች። እኔ ለራሴ?

አቡነ ዘበሰማያት አልኩ። ጠጣሁ። ሳልሸፍን፣ ቀና ብዬ። በሚቀጥለውም ሰዓት፣ በሚቀጥለውም። ሦስተኛው ላይ እኒያ ፊታቸውን ያዞሩት እናት ታመሽ ነው ልጄ ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኳቸው፤ ነጠላቸውን ዘርግተው ከነፋሱ ከለሉኝ።

ቅዳሴው ወጣ። ቆራቢዎቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይመጣሉ። እማዬን ከሩቅ በአረማመዷ ለየኋት። አጠገቤ መጥታ ቆመች። ቆርባለች፣ አትናገርም። ዓይኗ ብቻ ከነጠላው በላይ። እኔን አየች። ጠርሙሱን አየች። እንደገና እኔን።

የጠርሙሱን ክዳን ከፍቼ ዘቀዘቅሁት። ጠብ የሚል ነገር የለም።

ዓይኗ ሞላ። ተንበርክካ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ በጋቢዬ ላይ በቀኝ ጎኔ፣ ልክ እንግዳዬ ባለበት ላይ እጇን አሳረፈች። ማንም ምን እንደሆነ አያውቅም። እኔና እሷ ብቻ።

ነገ ወደ ሮብ ገበያ ትመለሳለች። ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። ገብሱ ያለ ሰው ነው፣ ቤቷም። ከመስቀል በኋላ፣ ኦፕራሲዮኑ ሲደርስ ትመጣለች። እስከዚያ ቀኖናውን ብቻዬን እይዛለሁ፤ ወስኛለሁ። እሷ ግን በመጨረሻ አልሸነፍ አለች። ራት ላይ ያቺን ትንሿን ስልኳን ለሙሉቀን አቀበለችው። ቃጭሉን እዚህም ላይ አድርግልኝ አለችው፣ ከማስቴ ጋር እኩል የሚጮህ። አባ የፈቱኝ እስከ ቅዳሴ መውጫ ነው፤ ሮብ ገበያ ሆኜስ ለምን ይቀርብኛል?

ሙሉቀን መነጽሩን አድርጎ ሲነካካ ቆየ። አሁን እሷ ጋደም ብላለች፣ ስልኳ ደረቷ ላይ ነው። እኔ ይኸው እጽፋለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ሆዴ ጸጥ ብሏል፣ ግን አልደረቀም፤ አሁን ልዩነቱን

ጮኹ። ሁለቱም ስልኮች፣ እኩል። ተነሥታ ኩባያ እየፈለገች ነው። ቆየኝ ደብተሬ፣ ልጠ